የጥር 13 ጨዋታ፤ በሞያሌ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር የጋበዙኝ የሙያ ባልደረቦቼ አርእስቱን ለእኔው ምርጫ ትተውልኛል። ጡረተኛ መምህር አርእስት እንዲመርጥ ሲፈቀድለት ስለ ዘመኑ ልጆች ስንፍና ይናገራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ እግር ኳስ ነው። ከመካከላችሁ በዚህ የሚደነቅ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ከሜዳ ቢጀምርም ወደ መማሪያ ክፍል መድረሱ አይቀርም።

ልናገርለት ያሰብሁት ጨዋታ የተደረገው እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ በዚያን ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ በነበረው ስታዲዮም ነው። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ሲሆን የተጋጠሙትም ኢትዮጵያና ግብፅ ናቸው፤ ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር።

እኔ በዚያን ዘመን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ በሞያሌ ኬላ የጉምሩክ ዘበኛ ስለ ነበረ ቤታችን ከመንገዱ አጠገብ ነበር። ከኬላው ማዶ ያለው ሞያሌ ገና በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር ነበረ፤ ኬንያ ነፃነቷን እስክታገኝ፣ ይኸውም እስከ ታኅሣሥ 1956 ዓ.ም.፣ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ይቀር ነበር። ቴሌቪዥን የሚባለው ነገር ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነውና ስሙንም አናውቀውም። በሠፈሩ የነበረው አንድ ራዲዮ ብቻ ሲሆን እርሱም በኬላው ሹም ቤት በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር። ሹሙ ድንጋዩ እንዳያልቅባቸው ለዜና ብቻ ይከፍቱትና ዜናው እንዳበቃ ይዘጉታል። እኛም ሰኞ ማታ በደጃቸው ተሰብስበን የሰማነው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሹሙም ራዲዮውን ዘጉ።

ጨዋታው ራሱ የደረሰን ግን በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በጭነት መኪና ነው። በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ዕቃ ጭኖ የመጣ አንድ ሾፌር ወረቀቱ እስኪታይለት ድረስ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠና «እኔ ስታዲዮም ነበርሁ» አለ። ከመንገዱ ዳርም ሃያ ሁለት ጠጠሮች ለቀመ፤ ዐሥራ አንዱን በዚህ፣ ዐሥራ አንዱን በዚያ ደረደረ፤ ኳሷ አንዲት የቡና ፍሬ ነበረች። የሹሙ ራዲዮ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረሰውን እርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየው። ወረቀቱ ታይቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ማንም «እለፍ» አላለውም።

ስለዚህ ሾፌር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከብዙ ዓመታት በኋላ መምህር ሆኜ ሳለሁ ለተማሪዎቼ የርቀትና የጊዜ ሒሳብ አዘጋጅ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጭነት መኪና በዚያ ዘመን መንገድ በሰዓት ስንት ይሄዳል ብዬ ሳሰላ ድንገት እጄ ቆመ። እሑድ ማታ ስታዲዮም የነበረ ሾፌር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞያሌ ሊደርስ አይችልም። ያ ሰው ጨዋታውን ያየው በዐይኑ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ሳለ ከራዲዮ ወይም ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶት ነው። ውሸታም ልለው ግን አልደፈርሁም። ምክንያቱም የግቦቹን ቅደም ተከተል ከመዝገብ ጋር ሳስተያየው አንዱንም እንኳ አላዛነፈም ነበር። «ነበርሁ» ያለው እንድናምነው ብቻ ነው፤ በዚህ ረገድ ከብዙ የታሪክ አስተማሪዎች የተለየ ኃጢአት አልሠራም።

አሁን ወደ ጨዋታው ልግባ። ድሉ ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት ከዚያ በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ጥቁሩንና ነጩን የቀላቀለ ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ስለ ተወገደች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። ስለዚህ የእኛ ልጆች በሦስተኛው ዋንጫ ከግብፅ ጋር ሲሰለፉ በሁለት ጨዋታ ስምንት ግብ ገብቶባቸው አንድም ሳያገቡ የቆዩ ናቸው። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ መድረሳቸው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ግብፅም በበኩሏ ኡጋንዳን 2 ለ 1 ረትታ የመጣች የሁለት ጊዜ ባለ ዋንጫ ነበረች።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አብደል ፈታህ አገባ። የመጀመሪያው አጋማሽ በዚሁ አለቀ። ሁለተኛውም አጋማሽ ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል በዚሁ ሄደ። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ አቻ አደረገ። ሾፌራችን እዚህ ላይ ሲደርስ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ እኛም ተነሣን፤ አባቴና ጓደኞቹም ጭነት መፈተሹን ትተው ቀና አሉ። ሰውዬው ግን እጁን ዘርግቶ «ገና ነው፤ ተቀመጡ» አለን። በ75ኛው ደቂቃ ያው በደዊ ሁለተኛውን ግብ አስቆጠረ።

አንድ ደቂቃ ብቻ! ሰባ አራት ደቂቃ የተለፋበት ነገር የቆየው አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ አራቱ ግቦቻችን አይደለም፤ ኳሱን ከመረቡ አውጥተው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ መሐል ሜዳ ስለ ተመለሱት ስለዚያ ጊዜ ነው። በፊታቸው የቀረው ሩብ ሰዓት ነው። ከኋላቸው የካርቱምና የካይሮ ስምንት ግቦች አሉ። ሾፌሩ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ውሃ ጠጣ፤ እኛ ልጆቹም ውጤቱን ከሰኞ ማታ ጀምሮ እያወቅነው ተሸነፍን ብለን ፈራን።

በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ኢትዮጵያ በዚያን ቀን ስትመራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ሾፌሩም ጠጠሮቹን በእግሩ በትኖ የቡናዋን ፍሬ ለእኔ ሰጠኝና ሞተሩን አስነሣ።

የቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ድምፃቸው በሸክላ ለመቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የመጀመሪያው የሆኑት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ራሳቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉበት ጊዜ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ስለ እርሳቸው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለዛሬው ጉዳዬ የሚያስፈልገኝ ግን ከዋንጫው ጋር የተያያዘው አንዱ ነገር ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት ተወለደ። ኑሮው የችግር ነበረ፤ ዲቃላ እየተባለ አደገ። በኋላም እርሱና ወንድሙ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወቱ። በ1954 ዓ.ም. ጣሊያን ከአገራችን ከተባረረ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ የጦርነቱ ቁስል ያልደረቀበት ቤት ብዙ ነው። ሉቺያኖ ራሱ በኋላ ዘመን እንደ ተናገረው፣ የጣሊያን ስም ያለው ሰው የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉን ያልወደዱ ሰዎች ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው ግን በአምበላቸው ጸኑ። ዋንጫውን ከግርማዊነታቸው እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። እርሱም ከአብዮቱ በኋላ በ1970 ዓ.ም. አገሩን ጥሎ ወጥቶ ጣሊያን ውስጥ ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ።

የተከበራችሁ መምህራን፤ እኔ ሉቺያኖን በዐይኔ አይቼው አላውቅም። ነገር ግን በሕይወቴ አንድ አምበል ነበረኝ፤ አሁን የምናገረው ስለ እርሱ ነው።

በ1965 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። በክፍሉ ውስጥ እናቱ ከወዲህ፣ አባቱ ከወዲያ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። ቦረንኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ እንደ አንድ ቋንቋ እያቀላቀለ ይናገር ነበር፤ ይህ ለሞያሌ ልጅ ብርቅ አይደለም። ከማዶው ትምህርት ቤት ጋር ጨዋታ ሲወሰን ልጆቹ ተሰብስበው ያለ አንድ ተቃውሞ እርሱን አምበል አደረጉት። ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ የበላይ ኃላፊ መጡና የስም ዝርዝሩን አዩ። ጣታቸውን በስሙ ላይ አሳርፈው «ይህ የማን ልጅ ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «እንግዲህ ከእነርሱ ጋር ስንጋጠም ከእነርሱው ወገን አምበል እናቁም?» አሉና ስሙን በቀይ እርሳስ ሰርዘው በሌላ ተኩት። ቀዩን እርሳስ የሰጠኋቸው እኔ ነበርሁ፤ ለፈተና ወረቀት ማረሚያ ከኪሴ የማይለየኝ እርሳስ ነው።

አንድ ቃል አልተናገርሁም። ወጣት ነበርሁ፤ ደመወዝና ዝውውር የሚወሰነው በማን እጅ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ለልጁም «በሚመጣው ዓመት» አልሁት። እርሱ ምንም አልመለሰልኝም፤ ማሊያውን አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ወጣ። ጨዋታውን ተሸነፍን፤ ይህን የምናገረው ግን መሸነፋችን ቁም ነገር ሆኖ አይደለም፤ ብናሸንፍ ኖሮ ነገሩን ቶሎ እረሳው እንደ ነበረ ስለማውቅ ነው። ልጁ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አባቱ ዘመዶች ተሻገረ፤ ትምህርቱንም በዚያ ጨረሰ ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ዓመት አለፈ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በከተማችን ሰው ሞተና ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ያን ሐዘን ከእናንተ መካከል ያላየ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አላራዝመውም። ከተሻገሩት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ባለቤቴንና ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ አንድ ፌስታልና አንድ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ነበር። በማዶው ሞያሌ አንድ ነጋዴ የግቢውን በር ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ያስገባ ነበር። በሩ ላይ ሲያየኝ «መምህር፣ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ዐይኑ ግን ያው የልጅ ዐይን ነበር።

በዚያ ግቢ ብዙ ሌሊት አደርን። ሴቶቹና ሕፃናቱ በቤት ውስጥ፣ እኛ ወንዶቹ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ። የሚነገረው ነገር ሁሉ የሚያስፈራ ስለ ነበረ ከሦስተኛው ማታ ጀምሮ ሽማግሌዎቹ ስለ ኳስ መጨዋወት ያዝን። ማን እንደ ጀመረው አላስታውስም፤ ልጆቹ በግቢው ውስጥ የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልሉ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ ገና ትኩስ የነበረውን የ2005ቱን አነሣ፤ በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበትን። የማዶው ጎረቤታችን ደግሞ በበኩላቸው የጎር ማሂያን ነገር አመጡ፤ የናይሮቢው ቡድን በ1980 ዓ.ም. ከቱኒዚያው ኤስፔራንስ ጋር እዚያ 2 ለ 2፣ እዚህ 1 ለ 1 ወጥቶ ከሜዳው ውጭ ባገባው ብልጫ የአፍሪካን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ እንዴት እንደ ወሰደ ነገሩን። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ 1954 ዓ.ም. ደረስን።

እዚህ ላይ መምህርነቴ መጣብኝና ዝም ብዬ ማዳመጥ ጀመርሁ። አራት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አራቱም ያን ጨዋታ ከልጅነታቸው ጀምረው እንደሚያውቁት ይምላሉ። የመጀመሪያው መንግሥቱ ወርቁ በፍጻሜው ሦስት ግብ አገባ አሉ። በፍጻሜው ያገባው አንድ ነው፤ በውድድሩ በሙሉ ግን ሦስት አግብቷል፤ እርሳቸው ሁለቱን ጨዋታ በአንድ ቀን አጫወቱት። ሁለተኛው በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን አሉ። አሸናፊን በፍጹም ቅጣት ምት የመለየት ደንብ የወጣው እንኳ ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው፤ እርሳቸው ያስታወሱት በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን አሸንፈን የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበትን ነው። ሦስተኛው ዝናም እየዘነመ ነበር አሉ። በጥር! ተው ብንላቸው «እናንተ ነበራችሁ?» ብለው ተቆጡ፤ እርሳቸውም አልነበሩም።

ስሕተታቸውን የምነግራችሁ ለመሳለቅ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያስተማረን አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ መምህር ነበር፤ አገሩ ስለሚጫወተው ቤዝቦል ስለሚባለው ጨዋታ ሊያስረዳን ብዙ ደክሞ አልተሳካለትም። አንድ ቀን ግን ደንቡን ትቶ አንድ ጨዋታ ነገረን። በ1944 ዓ.ም. መስከረም ኒው ዮርክ ላይ ጃይንትስ የተባለው ቡድን የዶጀርስን ቡድን ለመለያ ይገጥማል፤ በመጨረሻው ዙር 4 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ ቦቢ ቶምሰን የተባለ ሰው በመታው አንድ ምት 5 ለ 4 ያሸንፋል። መምህራችን ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስለ ምቱ የነገረን በሁለት ቃል ነው፤ እናቱ ራዲዮውን ሰምታ ሳህን ከእጇ እንዴት እንደ ወደቀ ግን ግማሽ ክፍለ ጊዜ ወሰደበት። ሰው ጨዋታን ሲያስታውስ የሚያስታውሰው የሰማበትን ቤት ነው መሰለኝ። የእኛም ሽማግሌ በዝናም ውስጥ ቆመው ሰምተው ይሆናል፤ የሰሙትም በጥር ሳይሆን ወሬው ዞሮ ዞሮ ከቀያቸው በደረሰበት በሌላ ወር ይሆናል።

ከአራቱ ስሕተት ይልቅ የገረመኝ የተስማሙበት ነው። አራቱም አንድ ለአንድ ሆንን፣ ከዚያ ሉቺያኖ አገባ፣ ከዚያ አሸነፍን አሉ። 75ኛው ደቂቃ ከአራቱም ዘንድ ጠፍቷል። በግቦቹ ቁጥር ላይ ሲከራከሩ ያመሹ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ የተመራንበትን ግብ አንዱም አልቆጠረውም።

ላርማቸው አፌን ስከፍት ከበስተጀርባችን ሻይ ይዞ የቆመው የግቢው ጌታ ቀደመኝ። «የለም አባቶቼ፤ ተክሌ ባገባ በደቂቃው ግብፅ እንደገና አግብታለች። ሁለት ለአንድ ተመርተን ነው የተመለስነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩት፤ ዕድሜው ለዚያ ጨዋታ አይደርስም። «አንተ ደግሞ ከማን ሰማህ?» አለው ባለ ዝናሙ። እርሱም ወደ እኔ እያመለከተ «ከመምህር ነዋ፤ አምስተኛ ክፍል ሳለን በጠጠር አሳይተውናል። ኳሷ የቡና ፍሬ ነበረች» አለ።

እውነት ነው፤ አሳይቻቸዋለሁ። የሾፌሩን ጠጠሮች በጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ፣ አምበሉ አባቱ ጣሊያናዊ እንደ ነበረ፣ ዋንጫውንም እርሱ እንደ ተቀበለ ነግሬአቸዋለሁ። የነገርኋቸው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ቀዩን እርሳስ ከኪሴ አውጥቼ ከሰጠሁበት ቀን ሁለት ወር እንኳ አይቀድምም።

በዚያች ሌሊት ሌሎቹ ከተኙ በኋላ ወደ እርሱ ቀረብሁና ልናገር ጀመርሁ። «የዚያን ጊዜ ያ ስም ዝርዝር...» ስል አቋረጠኝ። «መምህር፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ፤ ላሙቅልዎ» አለና ብርጭቆውን ተቀብሎኝ ሄደ። ሲመለስ ስለ ልጅ ልጆቼ ትምህርት ጠየቀኝ። እስከ ዛሬም ድረስ ነገሩን በመካከላችን አንሥተነው አናውቅም።

ክቡራን ኃላፊዎች፤ ከዚህ ንግግር በኋላ በሁለቱ ሞያሌዎች ትምህርት ቤቶች መካከል ሊደረግ ስለ ታሰበው የኳስ ውድድር ደንብ እንደምትወያዩ ተነግሮኛል። ረቂቁን አንብቤዋለሁ። የሜዳው ስፋት፣ የዕድሜው ገደብ፣ የዳኞቹ አመራረጥ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። አንድ አንቀጽ ግን ማንኛውም ተጫዋች፣ ይልቁንም አምበል፣ ወላጆቹ በየትኛው ወገን እንደ ተመዘገቡ ማስረጃ ማቅረብ አለበት ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ማጭበርበርን ለመከላከል አስቦ እንደ ጻፈው አልጠራጠርም፤ ከሌላ ከተማ ትልልቅ ልጆች አምጥቶ ማሰለፍ በእኛም ዘመን ነበረ። ለዚያ ግን የትምህርት ቤቱ የስም መዝገብ ይበቃል። በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚማር ልጅ የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። አንቀጹ እንዳለ ከጸደቀ ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ በየትኛውም ወገን ሊሰለፍ እንደማይችል ዛሬውኑ መዝገባችሁን ገልጣችሁ እንድትቈጥሩ እለምናችኋለሁ፤ እኔ በአንድ የማውቀው ክፍል ቈጥሬ ዐሥራ አንድ አግኝቻለሁ፤ አንድ ሙሉ ቡድን ማለት ነው።

ጡረተኛ ስለ ሆንሁ በዚህ ጉባኤ ድምፅ የለኝም። አንቀጹ ሲነበብ ግን እዚሁ ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቀይ እርሳስም ዛሬ አልያዝሁም።